ሙቀቱ እንዲህ በርትቶ ነጎድጓዱ ምነው ቀረ?

ጥያቄ፦ የአየር ሁኔታ መከታተል የምወድ ሰው ነኝ፤ ነጎድጓድና መብረቅ ደግሞ ነፍሴ ነው። ከሳምንት በላይ ከባድ ሙቀት ላይ ነን። ቴርሞሜትሩ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ 36 ዲግሪ ገብቷል። እኔም «ይሄ ሁሉ ሙቀት መጨረሻው ነጎድጓድ ነው» እያልኩ አንጋጥጬ እጠብቃለሁ። የስልኬ አፕ «ከነገ ወዲያ ነጎድጓድ» ይላል። ቀኑ ሲደርስ ያጠፋውና እንደገና ከነገ ወዲያ ይለኛል። ቀትር ላይ ነጫጭ ደመናዎች ብቅ ይላሉ፣ ትንሽ ያድጋሉ፣ አመሻሽ ላይ የውሃ ሽታ ይሆናሉ። የነጎድጓድ ጉልበት የሚያሳየው የኬፕ (CAPE) ካርታ ግን ቀይ በቀይ ነው። ሙቀት ነጎድጓድ አያመጣም ማለት ነው? ምን ምን ብመለከት ይሻለኛል? ተስፋ ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ተስፋ አይቁረጡ። ግን ቴርሞሜትሩ ላይ ማፍጠጥዎን ይተዉ። የሚፈልጉትን መልስ እሱ አይሰጥዎትም።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ቀኑን እንዲህ ያጋለውና ደመናዎን የሚያፍነው አንድ ነገር ነው። ሙቀቱ እየከረረ የሚሄደው ከላይ ያለው አየር ወደ ታች እየወረደ ስለሚጫነን ነው። ነጎድጓድ ደግሞ አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ይፈልጋል። ስለዚህ ሙቀቱ ጣራ በነካበት ቀን ነጎድጓድ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ነጎድጓዱ የሚመጣው ሙቀቱ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ወይም ደግሞ ከሙቀቱ ዳር ዳር ላይ ላሉት ሰዎች ነው የሚደርሰው።

ሙቀት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ በዓለም ላይ ብዙ መብረቅ የሚታየው ሰሃራ በረሃ ላይ ይሆን ነበር። በበጋ ከ45 ዲግሪ በላይ የሚግልበት ምድር ነው። ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ይከርማል። የኮንጎ ተፋሰስን ይዩ ደግሞ። የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በመብረቅ ግን ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ልዩነቱ እርጥበት ነው።

«እሺ፣ ሙቀትና እርጥበት ከተገናኙስ?» ይሉኝ ይሆናል። እሱም አይበቃም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2003 በሳዑዲ ዓረቢያዋ ዳህራን፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ሙቀቱ 42 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም የአየሩን እርጥበት የሚያሳየው ቁጥር፣ 35 ዲግሪ ተመዘገበ። እስካሁን በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛው ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። እዚያ ከሁለቱም የጎደለ የለም። ሆኖም በዚያ አካባቢ የበጋ ነጎድጓድ ብርቅ ነው። ከላይ የሚወርደው ደረቅና ሞቃት አየር እርጥበቱን ከምድር ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሽቅብ የሚገፋው ነገር የለም።

እንግዲህ ነጎድጓድ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ ከሥር እርጥበት። ሁለተኛ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በፍጥነት የሚቀዘቅዝ አየር። ሦስተኛ የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጥ ነገር። በሙቀት ማዕበል ወቅት ችግር የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ከባድ ሙቀት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ከላይ፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰፊ ከፍተኛ ግፊት ይሰፍራል። ዜና ላይ «የሙቀት ጉልላት» ሲባል የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ከሥሩ ያለው አየር ቀስ እያለ ይወርዳል። አየር ሲወርድ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ይሞቃል። በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በዚያው መጠንም ይደርቃል። ከምድር ተነስቶ የሚወጣው አየር በተቃራኒው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሲገናኙ የወጣው ቀዝቃዛ፣ እዚያ የጠበቀው ሞቃት ሆኖ ይገኛል። ከአካባቢው የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል። ስለዚህ እዚያው ይቆማል። እኛ ይህን ንብርብር ክዳን እንለዋለን። ሥራውም የድስት ክዳን ሥራ ነው፤ ከሥር እሳቱ ይነድዳል፣ ውስጡ ይንተከተካል፣ ከላይ ግን ግጥም ብሏል።

አማተሮች ክዳኑን እንደ ጠላት ያዩታል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ጠላት ነው አልልም። ክዳን ባይኖር ኖሮ አየሩ ገና ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ በየቦታው ትንንሽ ካፊያ እያወረደ ጉልበቱን ይጨርሰው ነበር። በዓይን የሚሞሉት ታላላቅ ነጎድጓዶች የሚወለዱት መጠነኛ ክዳን ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አፍኖ ካቆየው በኋላ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር ነው። ችግሩ ክዳኑ ከመጠን ሲያልፍ ነው። የእርስዎ ሰማይ ላይ የተቀመጠው እንዲህ ያለው ይመስለኛል።

ይህን ለማወቅ ካርታ እንኳ አያስፈልግዎትም። ከሰዓት በኋላ ከሚያዩዋቸው ነጫጭ ደመናዎች አንዱን ይምረጡና አሥር ደቂቃ ያህል ዓይንዎን አይንቀሉበት። የታችኛው ገጹ ጠፍጣፋ ነው። እንፋሎቱ ወደ ጠብታ የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው። አሁን አናቱን ይዩ። ጠርዙ ጥርት ብሎ፣ እብጥ እብጥ እያለ የሚወጣ ከሆነ ደመናው በሕይወት አለ። ጠርዙ ተንጨባርሮ፣ ጭረት ጭረት ሆኖ ከሰማዩ ጋር ከተቀላቀለ ግን አለቀለት። በዙሪያው ያለው ደረቅ አየር ሰርጎ ገብቶ ጠብታዎቹን ወደ እንፋሎት እየመለሳቸው ነው። ከዚያ ዓይንዎን ወደ ሌሎቹ ያዙሩ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ ሲደርሱ አናታቸው ተደፍጥጦ ወደ ጎን ከተንሰራፋ ክዳኑን በዓይንዎ እያዩት ነው። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ይህ ካልተለወጠ፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነገር ከሌለ በቀር፣ የዚያን ዕለት ጨዋታ አብቅቷል።

ሌላ የሚጠቅም ምልክት ደግሞ አለ፤ እሱ ማለዳ ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ብለው በተርታ የተሰለፉ፣ ከአናታቸው ትንንሽ ግንቦች የሚያበቅሉ ደመናዎች ካዩ ልብዎ ይምታ። አልቶኩሙለስ ካስቴላነስ ይባላሉ። ፀሐይ ምድርን ገና ሳታሞቅ እንዲህ የሚበቅሉት ከክዳኑ በላይ ያለው አየር መናወጥ ስለጀመረ ነው። በየዕለቱ ነጎድጓድ ያመጣሉ ማለቴ አይደለም። ግን ከሳምንት ባዶ ሰማይ በኋላ ከታዩ የሆነ ነገር እየተለወጠ ነው።

ወደ ኬፕ ካርታው እንምጣ። ይህ ቀይ ካርታ ስንቱን የነጎድጓድ ወዳጅ እንቅልፍ አሳጥቷል መሰልዎ። ኬፕ የሚነግርዎ ከምድር የተነሳ አየር ክዳኑን አልፎ ቢወጣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያገኝ ነው። ቢወጣ ነው እንግዲህ። ካልወጣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሚለካው በጁል በኪሎ ግራም ነው። 1 ሺህ ለአንድ ደህና ነጎድጓድ ይበቃል፤ 2,500 ካለፈ ኃይለኛ የሚባል ነው። 2 ሺህ ጁል በወረቀት ላይ ሲሰላ በሰከንድ 63 ሜትር ወደ ላይ የሚወነጨፍ አየር ይሰጣል። በተግባር ግማሹን ቢያገኙ ነው። ያም ቢሆን ትልልቅ የበረዶ ጠጠር አየር ላይ ለማቆየት አያንስም።

ከጎኑ ያለውን ሌላውን ካርታ ግን ብዙ ሰው አይከፍተውም። ሲን (CIN) ይባላል። ክዳኑን ጥሶ ለማለፍ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ይነግርዎታል። 25 ወይም 50 ከሆነ የከሰዓቷ ፀሐይ በራሷ ልትሰብረው ትችላለች። 150 ወይም 200 ከሆነ ግን ኬፑ 4 ሺህ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዩ ብባል በሙቀት ማዕበል ወቅት ያለማመንታት የምመርጠው ሲንን ነው።

ጠለቅ ማለት ከፈለጉ ደግሞ የፊኛ መረጃ ማንበብ ይልመዱ። በዓለም ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊትና እኩለ ቀን ላይ፣ ፊኛ ይለቅቃሉ። ከሥሩ የተንጠለጠለችው ትንሽ መሣሪያ ሬዲዮሶንድ ትባላለች። በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ እየወጣች እስከ 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሙቀቱንና እርጥበቱን ትለካለች። ውጤቱ በነጻ ይገኛል። ሥዕሉ መጀመሪያ ሲያዩት ያስፈራል፤ እርስዎ ግን ሁለቱን ወፍራም መስመሮች ብቻ ይዩ። የቀኙ ሙቀት ነው፣ የግራው የጤዛ ነጥብ። ከታች ጀምረው በጣትዎ ወደ ላይ ይከተሏቸው። የሆነ ከፍታ ላይ የቀኙ መስመር በድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የግራው እዚያው ላይ ወደ ግራ ይሸሻል። ክዳኑ እሱ ነው። ከፍታውንና ውፍረቱን ይጻፉና በማግስቱ እንደገና ይዩት። ሳስቷል? ወደ ላይ ወጥቷል? ወይስ ጭራሽ ወፍሮ ወደ ምድር ወርዷል? ይህ የሁለት ቀን ንጽጽር ከየትኛውም አፕ ይበልጣል።

ቁጥር ካስፈለገዎ የአየር ግፊቱ 700 ሄክቶፓስካል በሚሆንበት ከፍታ፣ ማለትም 3 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ያለውን ሙቀት ይዩ። በአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ነጎድጓድ የሚያሳድዱ ሰዎች «እዚያ ላይ 12 ዲግሪ ካለፈ ክዳኑ አይከፈትም» የሚል የቆየ መመሪያ አላቸው። በደጋማ ቦታ አይሠራም፤ ምድሩ ራሱ ወደዚያ ከፍታ ይጠጋልና። ለቆላማ ሜዳ ግን መጥፎ መነሻ አይደለም።

ስለ እርጥበትም የማነሳው አለኝ። «የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ ነው» የሚለውን ነገር ይርሱት። ያ ቁጥር ሙቀቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ይገለባበጣል። የጤዛ ነጥብን ይያዙ። አየሩ ስንት ዲግሪ ላይ ቢደርስ ጤዛ ማፍራት እንደሚጀምር የሚነግር ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ መጠን አየሩ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ከ13 በታች ከሆነ ሙቀቱ ደረቅ ነው፣ ጥላ ውስጥ ይቻላል። ከ18 ሲያልፍ ያፍናል። ከ20 በላይ ላብ አልደርቅ ይላል። ሰው ሁሉ ሲማረር የነጎድጓድ ወዳጅ ግን ውስጥ ውስጡን ይደሰታል።

ቀላል ስሌት ልስጥዎ። ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን ይቀንሱና ልዩነቱን በ125 ያባዙ። የሚያገኙት ቁጥር የደመናው ወለል ከምድር ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል በግምት ያሳይዎታል። የእርስዎን 36 ዲግሪ እንውሰድና የጤዛ ነጥቡ 12 ነው እንበል። ልዩነቱ 24 ነው፤ የደመናው ወለል 3 ሺህ ሜትር ላይ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ቢዘንብ እንኳ ጠብታው በደረቁ አየር ውስጥ ሲወርድ ምድር ሳይነካ ይተናል። አሁን ደግሞ ሙቀቱ 31 ብቻ፣ የጤዛ ነጥቡ 20 ይሁን። ወለሉ ወደ 1,375 ሜትር ወረደ። በ5 ዲግሪ የቀዘቀዘው ቀን ለነጎድጓድ በብዙ እጅ ይሻላል። ቴርሞሜትሩን ይተዉት ያልኩዎ ለዚህ ነው።

የጤዛ ነጥቡን ጠዋት አንዴ አይተው አይተዉት። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይመለሱበት። ፀሐይዋ አየሩን ስታናውጠው ከላይ ያለው ደረቅ አየር ወርዶ ይቀላቀላል፤ ጠዋት 18 የነበረው 11 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ደመናዎችዎን አመሻሽ ላይ ከሚያጠፏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ባለበት ከጸና ወይም ከጨመረ ጥሩ ነው።

የሙቀት ማዕበል ሌላም ተንኮል አለው። አፈሩን ያደርቀዋል። አፈሩ እርጥብ ሳለ የፀሐይዋ ጉልበት ገሚሱ ውሃ በማትነን ያልቃል፤ እርጥበቱም ወደ አየሩ ይገባል። አፈሩ ሲደርቅ ግን ያ ሁሉ ጉልበት አየሩን ማጋል ላይ ይውላል። ሙቀቱ በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥም ይደርቃል። «ብዙ ቀን ሲጠራቀም ይፈነዳል» የሚባለው ሁልጊዜ እውነት የማይሆነው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እርጥበቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከባሕር ወይም ከለማ መሬት። በነገራችን ላይ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ሰፋፊ የበቆሎ ማሳዎች በጁላይ የሚተነፍሱት እርጥበት ብቻ የጤዛ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል።

ታዲያ መቼ? ጉልላቱ መነሳት ሲጀምር ነው። ብዙ ጊዜ ከጎን በኩል ከላይ ቀዝቃዛ አየር የያዘ ዝቅተኛ ግፊት ይጠጋል። ከፊቱ ያለው አየር በሰፊው፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ላይ ይነሳል። ሲነሳ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑም ይሳሳል። ከምድር ያለው ሙቀትና እርጥበት ገና አልሄደም፣ ከላይ ደግሞ ቅዝቃዜው ደርሷል። ሦስቱም ነገሮች የሚገናኙት በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ነው። ንፋሱም በየከፍታው አቅጣጫና ፍጥነት ይለዋውጣል፤ ይህ ደግሞ ነጎድጓዱ በግማሽ ሰዓት ከመሞት ይልቅ ተደራጅቶ ለሰዓታት እንዲጓዝ ያግዘዋል።

በምዕራብ አውሮፓ ይህ ነገር ስም ወጥቶለታል፤ «የስፔን ፕሉም» ይሉታል። ከስፔን ደረቅ አምባ ላይ የጋለው አየር በፈረንሳይ በኩል ወደ ብሪታንያ ይጓዛል። ከሥሩ ያለውን እርጥብ አየር እንደ ክዳን ይሸፍነዋል። ከአትላንቲክ ዝቅተኛ ግፊት ሲደርስ ክዳኑ ይከፈታል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ነጎድጓዶቹ በጉልላቱ ሰሜናዊ ጠርዝ ዙሪያ ተራ በተራ ይሮጣሉ። ትንበያ ሠሪዎች «የእሳት ቀለበት» ይሉታል። ማዕከሉ ሥር ያለ ሰው ቢያንጋጥጥ ምንም አያይ፤ ጠርዙ ላይ ያለ ሰው በየሌሊቱ እንቅልፍ ያጣል።

ሌሊትን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። «ፀሐይ ገብታለች፣ በቃ አለቀ» ብለው መስኮት አይዝጉ። ሙቀት ሲሰበር የሚመጡት አንዳንዶቹ ነጎድጓዶች ከምድር አይነሱም። እርጥቡ አየር ከክዳኑ በላይ ስለሚሆን የምድሩ መቀዝቀዝ አያግዳቸውም። ከጎህ በፊት ቀስቅሰው የሚያስደነግጡት እነዚህ ናቸው።

ክዳኑ ቀጭን በሆነበት ቀን ደግሞ ትንንሽ ቀስቃሾች ይበቃሉ። ተራራ፣ የባሕር ነፋስ ድንበር፣ ወይም ከሌላ ነጎድጓድ ሥር ወጥቶ በምድር የሚንከባለል ቀዝቃዛ ነፋስ። የመጨረሻው በራዳር ላይ እንደ ቀጭን ቅስት ይታያል። ሁለት ቅስቶች ከተጋጩ ዓይንዎ መጋጠሚያው ላይ ይሁን።

አፑ ለምን ያሾፍብዎታል? አያሾፍም፣ ይገለባበጣል እንጂ። ብዙዎቹ አፖች አንድ የኮምፒውተር ስሌት ወስደው ወደ ምስል ይለውጡታል። ክዳኑ ላይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት «ምንም» የሚለውን ቀን «ከባድ ነጎድጓድ» ሊያደርገው ይችላል፤ የሦስት ቀን ትንበያ ደግሞ ከአንድ ዲግሪ በላይ ቢሳሳት አይፈረድበትም። በዚያ ላይ የአንድ ነጎድጓድ ዋና አካል ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ጎረቤት ከተማ ጎርፍ ሲጥል እርስዎ ጋ አቧራ ብቻ ቢያቦን ትንበያው ተሳሳተ ማለት አይደለም። ነጎድጓዱ ሦስት ቀን ሲቀረው የአፕ ምስል ማየት የማይረባ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ይልቅ ያው ስሌት በትንንሽ ልዩነት ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የሚወጣውን የስብስብ ትንበያ ይክፈቱ። ከ50ው ስሌቶች 40ው ጉልላቱ ሐሙስ ይነሳል ካሉ ሐሙስን ያክብሩ። 6ቱ ብቻ ካሉ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር አይቸኩሉ።

እስካሁን እንዴት እንደሚመጣ ብቻ ነው ያወራነው። ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣም ማወቅ አለብዎት፤ ከሙቀት ማዕበል በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሁልጊዜ የምንመኘው ዓይነት አይደለምና። ወለሉ 3 ሺህ ሜትር ላይ የሆነውን ደመና ያስታውሳሉ? ዝናቡ መንገድ ላይ ይተናል፤ መብረቁ ግን ምድር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2020 አጋማሽ ላይ በካሊፎርኒያ የሆነው ይኸው ነው። ዴዝ ቫሊ 54.4 ዲግሪ በተመዘገበበት የሙቀት ማዕበል መሃል፣ ከአንድ የተበታተነ የሐሩር ማዕበል የተረፈ እርጥበት ከላይ ደረሰ። ከ10 ሺህ በላይ መብረቅ ወደቀ፣ ዝናብ የሚባል ነገር ግን እምብዛም አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰደድ እሳቶች ተነሱ።

ትነቱ ሌላም ጣጣ አለው። ጠብታ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ቁልቁል ይወረወራል። ምድር ሲነካ ወደ ጎን ይፈነዳል። ይህ በረጅም ግንባር ተያይዞ ሲጓዝ ዴሬቾ ይባላል። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ዋሽንግተን ዲሲ 40 ዲግሪ ደርሳ ነበር። ቀን ላይ ከመካከለኛው ምዕራብ የተነሳ ዴሬቾ ማታውን አልፎባት አትላንቲክ ደረሰ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ተቋረጠባቸው። ሙቀቱ ግን አልሄደም፤ ሰው ለቀናት ያለ ማቀዝቀዣ በዚያው ግለት ውስጥ ከረመ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2022 ደግሞ ባሕሩ ከወትሮው እጅግ ሞቆ በነበረበት በጋ ኮርሲካ ደሴት ላይ ማለዳ የደረሰው ዴሬቾ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥን ነፋስ አስመዝግቧል። ከሞቱት መካከል ድንኳን ተክለው የነበሩ እረፍት አድራጊዎች ነበሩ።

ስለዚህ «ነጎድጓድ መጣ ማለት ቀዘቀዘ ማለት ነው» ብለው አያስቡ። ከቀዝቃዛ ግንባር፣ ማለትም ሞቃቱን እየገፋ ከሚመጣ ቀዝቃዛ አየር፣ ጋር ከመጣ አዎ፣ አየሩ ይለወጣል። በአካባቢው ሙቀት ብቻ የተነሳ ከሆነ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘሩና ፀሐይ ስትወጣ አስፋልቱ ላይ ያለው ውሃ ይተንናል፤ ከበፊቱ የባሰ ያፍናል። ለነጎድጓድ ወዳጅ ግን ያ ክፉ ዜና አይደለም፤ የነገው የጤዛ ነጥብ ጨመረ ማለት ነው።

ማታ ማታ አድማስ ላይ ድምፅ አልባ ብልጭታ አይተው ይሆናል። ብዙ ሰው ከሙቀቱ ብቻ የሚፈጠር መብረቅ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሩቅ ያለ ተራ ነጎድጓድ ነው። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር አልፎ አይሰማም፤ ብርሃኑ ግን በጨለማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይታያል። እንዲህ ያለው ለፎቶ ምርጥ ነው። ካሜራውን በማቆሚያ ላይ አድርገው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያርዝሙ። የሌንሱን ትኩረት በእጅዎ ወደ ሩቁ ርቀት ያስተካክሉት፤ በራሱ ልተው ካሉ ጨለማ ውስጥ ሲዋልል ያድራል።

ሲቀርብ ደግሞ ሥነ ሥርዓት ያስፈልጋል። ብልጭታውን ካዩ እስኪያጉረመርም ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ድምፁን ከሰሙ ግን ርቀቱን መቁጠር ትተው ይግቡ። መብረቅ ከዝናቡ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ በጠራ ሰማይ ሥር ሊወድቅ ይችላል። መኪና ውስጥ ከሆኑ ጣራው ብረት ይሁን፣ መስኮቱ ይዘጋ። ዛፍ ሥር በጭራሽ። ከመጨረሻው ጉርምርምታ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ይህን ያህል ርቀት ምን ያስፈራል የሚል ካለ፣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ያጸደቀው ረጅሙ መብረቅ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2017 በአሜሪካ የታየው ሲሆን ርዝመቱ 829 ኪሎ ሜትር ነው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ኬፑ ቀይ ከሆነ ጉልበቱ አለ። ደመናው ብቅ ካለ እርጥበቱም ጨርሶ አልጠፋም። አመሻሽ ላይ የሚጠፋው ክዳኑ ስላልተነሳ ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የ500 ሄክቶፓስካል ካርታ ይክፈቱ። እዚያ ላይ የአየር ግፊቱ 500 ሄክቶፓስካል የሚሆንበት ከፍታ በሜትር ይጻፋል። በከባድ የበጋ ሙቀት 5,880 እና ከዚያ በላይ ማየት የተለመደ ነው። እርስዎ ያሉበት ቦታ ላይ ያለውን ቁጥር በየቀኑ ይመዝግቡ። እየጨመረ ወይም ባለበት ከቆመ ቀኑን ለሌላ ሥራ ያውሉት። ሁለት ቀን በተከታታይ ከወረደ፣ ሲኑ ከ50 በታች ከሆነና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የጤዛ ነጥቡ ከ17 ካላነሰ የካሜራዎን ባትሪ ሞልተው ራዳሩን ይክፈቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን አፑ ምንም ቢል በጊዜ ይተኙ።